ሳትቀመስ የበሰለች ዶሮ

መቱ፣ ኅዳር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለወይዘሮ ጥሩአየሁ
ናዝሬት

ጤናሽ እንዴት ነው? የኔን አትጠይቂ፤ ይሄን ሁሉ ገጽ በገዛ እጁ የሚጽፍ ሰው ምን ይሆናል? አዎ፣ ደግመሽ አንብቢው፤ በገዛ እጄ ነው። ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ እጁ የለበትም። እስከ ዛሬ በኔ ስም "የልቤ ምሰሶ፣ የዓይኔ ብርሃን" እያለ ሲልክልሽ የነበረው ሁሉ የራሱ ነው። እኔ የነገርኩት "ቅቤውን የት አስቀመጥሽው?" ብቻ ነበር። ያቺን ደግሞ ሳይጽፋት ቀረ፤ ቅቤውንም እስካሁን አላገኘሁትም።

ከመጋቢት ወዲህ የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። ሰኞና ረቡዕ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አማርኛ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን አንቺ ሰርተፊኬት ስትቀበዪ እኔ ከስፌት መኪናዬ ስር መደበቄን መቱ በሙሉ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ መቱ በሙሉ ሌላ ነገር ይወቅ። ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ ነኝ። ሃያ አንዱ አያምኑም፤ ቅናት ነው። ለካ ፊደል ማለት ልብስ ነው! "ለ" እጅጌ ስትቀጥዪላት "ሉ" ትሆናለች፣ ጠርዟን አጠፍ ስታደርጊ "ሊ"። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፋ ሰው ይሄ ያቅተዋል? መምህርት ጊፍቲ ራሷ ደብተሬ ላይ "ባዬ ጋሪ" ብላ ጽፋልኛለች፤ በጣም ጥሩ ማለት ነው፣ እንዳላወቅሽ ሆነሽ እንዳታልፊው። አንድ ቀን ብቻ ተጣልተናል። መጀመሪያ መጻፍ የተማርኳት ቃል ያንቺ ስም ስለሆነች፣ ከየመልመጃዬ ስር "ጥሩ" እያልኩ ስጽፍ "ጋሼ፣ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ለራስዎ አይስጡ" ብላ ተቆጣችኝ። የሚስቴ ስም ነው ብላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጥር 21 በማርያም ዝክር ቀን የተናገርኩት ትዝ ይለኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። እንዴት ይረሳኛል? ዶሮ ወጡ ቀረበ፣ እኔ በጭልፋ እያገላበጥኩ ብልቷን ቆጠርኩ፣ ከዚያ ባንቺ ወንድምና በስምንት እንግዳ ፊት "አስራ አንድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሠርታ አስራ ሁለት መድረስ አቃታት" አልኩ። ተሳቀ። አንቺም ከጓዳ ብቅ ብለሽ "ፊደል ያልቆጠረ የዶሮ ብልት ይቆጥራል" አልሽ። ያኔ የተሳቀው ሳቅ ከኔው በእጥፍ ይበልጥ ነበር፤ እኔን አላሳቀኝም እንጂ። እንግዲህ አሁን ፊደል ቆጥሬልሻለሁ። እኩል ለእኩል ወጣን ማለት ነው። የልጃችንን የማህደርን አራስ ቤት ልትጠይቂ ለአርባ ቀን ብለሽ ሄድሽ፤ አስረኛው ወር ሊሞላ ነው። መቼ ነው የምትመጪው?

ምን እየበላህ ነው ላልሽው፣ ሚፍታህን ጠይቂው። በሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ጉንጬ ወደ መርፌው እየገባ አስቸግሮኛል። ደግሞ ልጃችን ማህደር ከምትሠራበት ሆቴል ተምራ ዶሮ በብርቱካንና በማር ትሠራለች፣ ያቃጥላልም ይጣፍጣልም ያልሽው፣ ይሄ ዶሮ ነው ወይስ ብርዝ? ብቻ አሠራሩን ላኪልኝ። ብርቱካኑ ጓሮአችን አለ፣ ማሩ ወንድምሽ ጋ ሁሩሙ አለ፣ እጁ እኔ ጋ አለ። ከማህደር አስበልጬ ካልሠራሁ ስሜን በቁቤ ገልብጠሽ ጻፊው።

ያንቺው፣ አሁን በፊርማው የሚፈርም፣
ወልደ የሱስ


ናዝሬት፣ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአቶ ወልደ የሱስ
በሚፍታህ ሱቅ በኩል፣ መቱ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ማህደርና ባሏ ደህና ናቸው። ሕፃኑ ሁለት ጥርስ አብቅሏል።

ጽሕፈትህን አየሁት። ኅዳር የሚለውን ቃል ሁለቴ እየሰረዝክ በሦስት ዓይነት "ኀ" ጽፈኸዋል፤ አንዱ ልክ ነው። ቅቤው ከጤፉ ማድጋ ጀርባ ነው፤ በአስር ወሩ አትብላው፣ ድፋው።

እኩል ለእኩል አልወጣንም። አንተ የላክልኝ የሆነውን ነገር ነው። ሲሆንማ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ገጹን ገልብጬ ከጀርባው ፈለግሁ። ባዶ ነው።

አሠራሩን ጠይቀሃልና ማህደር እንዳለችኝ እጽፋለሁ። ዶሮዋን አውጥተህ በሎሚና በጨው እጠባት፤ አንዴ አይደለም፣ ውሃው እስኪጠራ። ብርቱካን አራት ጭመቅ። ከመጭመቅህ በፊት ግን ልጣጩን በስሱ ፋቀው፤ ብርቱካናማውን ብቻ፣ ነጩን ከነካህ ይመራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠህ ከጭማቂው ጋር ዶሮዋን ዘፍዝፍባት፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ትቆይ። ከዚያ ዶሮዋን ብቻ አውጥተህ በትንሽ ዘይት እስክትቀላ አገላብጣት፣ ጭማቂውን መልሰህ አፍስስባት፣ ክደናት። ሚጥሚጣውን መረቁ ሲጠጥር ጨምር። ማሩን መጨረሻ ላይ፣ እሳቱን ቀንሰህ። ማር ይቸኩላል፤ ቀድመህ ካስገባኸው ያርራል። በየመሀሉ ቅመስ። ወንድ ወጥ የሚያበላሸው ሳይቀምስ ስለሚያምን ነው።

መምጫዬን ጠይቀሃል። መምጫዬ ገና ነው።

ጥሩአየሁ


መቱ፣ ኅዳር 29 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ፣ ለእመቤት ጥሩአየሁ

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እመቤት! እኔ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ነው የምሄደው። "መምጫዬ ገና ነው።" ሦስት ቃል! ሦስቷንም ማንም ሳይረዳኝ አነበብኳት። ለሚፍታህ አነበብኩለት፣ ለመምህርት ጊፍቲ ልጄ ጋ ያለችው ሚስቴ ልትመጣ ነው አልኳት፣ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሰው ሁሉ ከመለካቴ በፊት አነበብኩለት። በርግጥ "ለገና ነው" ብትዪ ሰዋስዉ የተሻለ ነበር፤ "በገና" ብትዪ ደግሞ የዳዊትን መሣሪያ ይዘሽ የምትመጪ ይመስላል። ገብቶኛል፣ ተጠንቅቀሽ ነው። አላርምሽም።

እንግዲህ ስሚ። ቤቱን ኖራ ቀባሁት። የዝክሩን ዕለት የነበሩትን ዘጠኙንም ለገና ጠራኋቸው፤ ወንድምሽ ሰይፈ ሚካኤል አስቀድሞ አንድ ገንቦ ማር ከሁሩሙ ልኳል። ያኔ የነበረ ሰው በሙሉ ይኖራል። የሚበላው ግን የማህደር ዶሮ ነው ብያለሁ፣ ወጥ አይደለም፤ የሚሠራውም እኔ ነኝ። ሰይፈ ሚካኤል "የገና ጠዋት ቤተክርስቲያን ደህና አድርጌ እጸልያለሁ" ሲል መለሰልኝ።

መለማመዱን ጀምሬአለሁ። እንዴት ብዬ ነው በጾም? እሱን ነው የምነግርሽ። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ እኔ ዶሮ አልቀምስም። ሚፍታህ ደግሞ ረመዳን ላይ ነው፣ ቀን አይቀምስም፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ያፈጥራል። ስለዚህ ተዋዋልን። ዶሮዋም የሱ፣ ያረዳትም እሱ፣ ድስቱም የሱ፣ ምላሱም የሱ፤ እጁ ብቻ የኔ። ከሱቁ ጀርባ ከሰል አቀጣጥለን ሁለት ጾመኛ በአንዲት ዶሮ ላይ አጎንብሰን ስንቁለጨለጭ ብታይን!

የመጀመሪያዋን አትጠይቂኝ። ብቻ ማሩን ቀድሜ አስገባሁት።

"ኧረ ጋሼ ወልዴ፣" አለኝ ክዳኑን ሲከፍት፣ "ይሄ ዶሮዋ ነው ወይስ ከሰሉ?"

"ከሰሉ ከታች ያለው ነው" አልኩት።

"እንግዲያ ከታች ያለውን ልብላ፤ እሱ ይለሰልሳል።"

በሁለተኛው ቀን ማሩን መጨረሻ ላይ አደረግሁ። አዛን እስኪል ድረስ ድስቱን አፍጥጠን አየነው። ሚፍታህ ሦስት ተምር ዋጥ ዋጥ አደረገና ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። "ወላሂ፣ ጋሼ ወልዴ፣ ትንሽ ማር ቢጨመርባት!" ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን "ወላሂ! አሁንም ጠብ ይበልባት!" ጠብ አደረግሁ። ትናንት ለአራተኛ ጊዜ ሠራሁለት፤ አጥንቱን ሳይቀር መጠጠው፣ ከዚያ ተነስቶ ጨበጠኝ። እንግዲህ በምላሴ ሳይሆን በዝናዋ ነው የማውቃት፤ የገና ሌሊት ጾሙ ሲፈታ ያኔ እኔም እቀምሳታለሁ።

ታያለሽ፣ ብልቷን እንዴት እንደማወጣ! ገበታ ላይ አስራ ሁለት ሆና ካልተገኘች አትመኚኝ። የጎደለች ብልት በዚህ ቤት ሁለተኛ አትኖርም።

በየትኛው አውቶቡስ እንደምትመጪ ጻፊልኝ። መናኸሪያ ሆኜ እጠብቅሻለሁ፤ እንዳትስችኝ ስምሽን በካርቶን ጽፌ እይዛለሁ። የማውቀው ሌላ ቃል ስላለ ሳይሆን ስላማረኝ።

ወልደ የሱስ፣ አንደኛ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአቶ ወልደ የሱስ

ደብዳቤህን ማህደር ሕፃኑን አቅፋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እስከ መሀሉ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። "እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት?" አለችኝ።

የጻፍኩልህ "መምጫዬ ገና ነው" ብዬ ነው። ገና ያልኩት ላልቶ የሚነበበውን ነው። ቀኑ አልደረሰም፣ ጊዜ አለው ማለቴ ነበር። አንተ አጥብቀህ አነበብከውና በዓል ሆነ። በፊደሉ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ባንተ አላደርግም። እኔ ግን ለገና እመጣለሁ አላልኩም። ሰው ጥራ አላልኩም። ኖራ ቀባ አላልኩም።

ይሄን ጽፌ ልዘጋው ነበር። ግን "የጎደለች ብልት በዚህ ቤት ሁለተኛ አትኖርም" ብለሃልና እሷን ልንገርህ። አስር ወር ሙሉ እንደጎደለች ትናገራለህ። የት ሄደች ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅክም።

የጎደለችው ፈረሰኛዋ ናት፤ የአባወራው ብልት። ከዚያ በፊት በሦስት ዝክር ላይ አየሁህ። እንግዳ ይበዛል፣ አንተ እያሳቅክ ለሰው ታጎርሳለህ፣ መጨረሻ ላይ ለራስህ አጥንት ትግጣለህ። በአራተኛው እንዲህ አይሆንም ብዬ ፈረሰኛዋን ቀድሜ አወጣኋት። በትንሿ ሸክላ ከድኜ ከምድጃው ዳር ሙቀት ላይ አስቀመጥኳት፤ እንግዶቹ ሲሄዱ እኔና አንተ ቁጭ ብለን እንድትበላት። አንተ "አስራ አንድ" ስትል እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

ብመልስልህም አልረካሁም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ክዳኗን ከፍቼ አየኋት፣ መልሼ ከደንኳት። በማግስቱ ለጎረቤት ውሻ ወረወርኳት። ከዚያ ወደ ማህደር መጣሁ።

አንተ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትነሳ መንገድ ላይ ቀልድ ታገኝና ከሱ ጋር ትቀራለህ። አንድ ጊዜ ሳትቀልድ ጻፍልኝ። ካልቻልክ አትጻፍልኝ፤ እኔም መምጫዬን አልጽፍልህም።

ጥሩአየሁ


መቱ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጥሩዬ፣

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት። ለማንም አላነበብኩም።

መምህርት ጊፍቲን ጠይቄአታለሁ። "ጋሼ፣ በቁቤ ቢሆን 'ኤን' ሁለቴ ይጻፍ ነበር፤ ጥብቀቱ በዓይን ይታያል። በአማርኛ ግን የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። አንባቢው ነው የተጻፈበትን መንፈስ አይቶ የሚያውቀው" አለችኝ። መንፈሱ ደብዳቤሽ ላይ ነበር። "ለአቶ ወልደ የሱስ" ብለሽ የጻፍሽ ሴት ለበዓል እንደማትመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ የፈለግሁትን አነበብኩ።

ስለ ፈረሰኛዋ አላወቅሁም ነበር። አላወቅሁም ማለት ግን ይቅርታ አይሆንም፤ ስላልጠየቅሁ ነው ያላወቅሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንቺን እጅ በልቼ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ስትቀንሺ ለምን እንደሆነ ላስብ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሳቅ አየሁ። ሰው ሲስቅልኝ ሌላ ነገር አይታየኝም። ከዚያ አንቺ የመለስሽው ደግሞ እውነት ስለነበረ አመመኝ፣ ማታ ትምህርት የገባሁትም በሱ እልህ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ላሸንፍሽ ነበር የጻፍኩት። ይሄን የምጽፈው ለዚያ አይደለም።

በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጽፌ ነበር፤ ቀልድ ስለሆነ ሰረዝኩት። ብርሃን ላይ ይዘሽ እንዳታነቢው።

እንግዶቹን አልመለስኳቸውም። አንቺን ለማስገደድ አይደለም። ያንን ቃል የተናገርኩት በነሱ ፊት ስለሆነ፣ ፈረሰኛዋ የት እንደነበረችና ለማን እንደነበረች በነሱው ፊት እናገራለሁ። አንቺ ብትኖሪም ባትኖሪም። ዶሮዋንም ሠርቼ አቀርብላቸዋለሁ።

መምጫሽን አልጠይቅሽም።

ወልደ የሱስ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወልዴ፣

ስርዙን ብርሃን ላይ ያዝኩት። መስኮት ላይም ለጠፍኩት። አልተነበበም፤ ጥሩ አድርገህ ነው የሰረዝከው። ማህደር በመብራት ሞክራ ወረቀቱን ልታቃጥለው ነበር።

አርብ ከዚህ እነሳለሁ። አዲስ አበባ አድሬ ቅዳሜ ጅማ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ መቱ እገባለሁ። ይህን ደብዳቤ ቀድሞ በሚነሳ ሾፌር እጅ ነው የምልከው፤ ከኔ በፊት ይደርስሃል። ካርቶኑን ግን ተወው፤ ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ መልክህ አይጠፋኝም።

ልቆይ ነው ልሂድ ብለህ አሁን አትጠይቀኝ። እዚያ ስደርስ የሚሆነውን አያለሁ።

ዶሮዋን አልነካም። ማማሰያ አልይዝም፣ ጓዳም አልገባም። ሳሎን እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ፣ የሚቀርብልኝን እበላለሁ።

ጥሩአየሁ


ከጓዳ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1994 ዓ.ም.
ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት
በሰይፈ ሚካኤል እጅ

ለሳሎን፣ ከመስኮቱ ስር ለተቀመጠችው

እንደምን ዋልሽ? ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤ ደብዳቤ ስላልሆነ ነው፤ በአስር እርምጃ ርቀት መሆንሽን አውቃለሁ።

ትናንት መናኸሪያ "እንኳን ደህና መጣሽ" ካልኩሽ ወዲህ ደህና አድርጌ አልተናገርኩም። አፌን ከከፈትኩ ቀልድ ያመልጠኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ቅድም ስለ ፈረሰኛዋ ለሰዎቹ የተናገርኩትን ሰምተሻል። ሰይፈ ሚካኤል ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ እሱ ሽንኩርት ነው ይላል፣ እኔ ዛሬ ሽንኩርት አልላጥኩም።

አሁን ግን ችግር ላይ ነኝ፣ ጥሩዬ። ብልቷ አስራ ሁለት ናት፣ አልጎደለችም፣ አላረረችም፣ ቀለሟ እንደ መስቀል ጀምበር ነው። ልክ ላወጣት ስል ግን "በየመሀሉ ቅመስ" ያልሽው ትዝ አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኳት። ጥሩዬ፣ ይሄ ዶሮ አይደለም። ከረሜላ ነው። ከንፈሬና ከንፈሬ ተጣብቀው ነበር፤ በውሃ ነው ያላቀቅኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ማር ጨምር ማር ጨምር ሲለኝ የነበረው ሚፍታህ ቀኑን ሙሉ ጾሞ፣ ያውም ሦስት ተምር ውጦ ነበር የሚቀምስልኝ! የዋለ ጾመኛ ምን ቢያቀርቡለት አይጣፍጠውም? እኔ ደግሞ ልኩን ከሱ ነው የያዝኩት።

ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። አንቺ አስረኛ ነሽ። አላውቅበትም፣ ጥሩዬ። ምን ላድርግ? ንገሪኝ።

ወልደ የሱስ


(በዚያው ወረቀት ጀርባ)

ከሳሎን

ማሩን ምን ያህል አደረግከው?

ሎሚ ሁለት ጭመቅ፤ ዘሩን አውጣ። ከጓሮ አንድ ብርቱካን ቁረጥ፤ ከዛፉ የመጨረሻ ያልበሰለውን፣ ጎምዛዛውን። ሚጥሚጣ በጥፍርህ ጫፍ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ዓይንህን እንዳትነካ። ጨው ሳትረሳ አትቀርም፤ ጨምርበት። ክዳኑን ክፈተው፣ እሳቱን ከፍ አድርገው፣ አጠገቡ ቁም። ጓዳ አልገባም ብያለሁና አልገባም።

አትደንግጥ። ማር የገባበት ወጥ ይመለሳል። የማይመለሰው ያረረው ነው፤ እሱ ደግሞ አላረረም።

ጥ.


ከጓዳ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል
እንደገና በሰይፈ ሚካኤል እጅ (ደክሞኛል እያለ ነው)

ምን ያህል ላልሽው፣ በማንኪያ አይደለም፣ በጣሳ ነው። ወደ ሌላው ጥያቄ እንለፍ።

ተመለሰ! ጥሩዬ፣ ተመለሰ! ሎሚዋን ጠብ ሳደርግ ድስቱ "ጢስ" አለና ሽታው ተለወጠ። ጎምዛዛዋን ብርቱካን ደገምኩ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፤ ቆሜ ቀመስኩ፣ ተቀምጬ ቀመስኩ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ጥርስ ያጎመዝዛል፣ "አለቀ" ስትዪ ከጉሮሮ ላይ ሆኖ ያቃጥልሻል። ወንድምሽን አንድ ጣት አስልሼዋለሁ። ምንም አላለም፤ ሌላ ጣት አመጣ።

ሎሚውን ማን እንዳዘዘ ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ። "እኔ ነኝ" አልልም።

ደርሷል። ላቅርብ? ዝም ብዬ አቀርባለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅም፤ ማለትም መጠየቅ የምፈልገው አለ፣ ግን አትጠይቀኝ ስላልሽ አልጠየቅኩም።

ወልደ የሱስ


ከሳሎን

ወልዴ፣

አቅርብ እንጂ! ሽታው ከገባ ቆየ፤ ሰዎቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ነው።

ግን ዝም ብለህ አትምጣ። አንተ ዝም ካልክ ወዲህ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ወለሉን ያያል። ሰይፈ ሚካኤል ቅድም ቀልድ ላውራ ብሎ ሞክሮ ልንላቀስ ምንም አልቀረን፤ ሁለተኛ እንዳይሞክር ደብዳቤ አስይዤ ወዳንተ የምልከው ለዚህ ነው። ሳትቀልድ ጻፍልኝ ያልኩህ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱን ጽፈሃል፣ አንብቤዋለሁ፣ ኮሮጆዬ ውስጥ አለ። ዕድሜህን ሙሉ ዝም በል አላልኩህም።

ትናንት ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሁለት ሻንጣና አንድ ጆንያ አውርደህልኝ፣ ያንን ሁሉ በትከሻህ ተሸክመህ፣ ለአንድ በዓል የሚመጣ ሰው ይሄን ሁሉ ምን ያደርገዋል ብለህ ሳታስብ ማለፍህ ገርሞኛል። ማህደር ጋ የቀረኝ ነገር የለም። ጠዋት አንተ ዶሮ ስትዘፈዝፍ እኔ ልብሴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቅዬ ጨርሻለሁ። ያንተን ሁለት ኮት ወደ ዳር ገፍቼአቸዋለሁ።

እንግዲህ ዶሮዋን ይዘህ ውጣ፣ አንድ ነገር በልና ሰዉን አስቅልን። በኔም ቢሆን ግድ የለም። የምመልስልህን አስር ወር ሙሉ ሳጠራቅም ነው የከረምኩት።

ጥሩ